የዘጠኝ ጠመንጃ ዝርዝር

በነገሩ ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን። አንደኛው እኔ ነኝ፤ በደርግ ዘመን ሆሳዕና ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ፣ ትምህርት ቤት ሳይገባ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እያነበበ ራሱን ያስተማረ ሰው። ሁለተኛው ከዱራሜ የመጣ ወጣት የታሪክ አስተማሪ ነው። ሦስተኛው አማቴ ናቸው፤ የባለቤቴ አባት፣ በጣሊያን ጊዜ ዘምተው ተመልሰው ሀቢቾ አካባቢ እንሰታቸውን እየተንከባከቡ የሚኖሩ ሽማግሌ። አራተኛው የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ነው። የማንንም ስም አልጽፍም። ጽፌ ያደረስኩት ጥፋት ይበቃኛል።

አስተማሪው አንድ ጨዋታ ሠርቶ ነበር። ሰፊ ጣውላ ላይ ወንዝና ኮረብታ ሥሎ፣ የቢራ ቆርኪ የእኛ ጦር፣ የለስላሳ ቆርኪ የጣሊያን ጦር ሆኖ፣ አማቴ የነበሩበት አንድ ውጊያ እንደገና ይካሄዳል። ማን እንደሚወድቅ ከጣሳ በሚወጣ ዕጣ ይለያል። የየወገኑ መሣሪያ በወረቀት ተዘርዝሮ ከጣውላው አጠገብ ይቀመጣል፤ በዝርዝሩ መሠረት ባለ መትረየስ ሦስት ጊዜ ዕጣ ያወጣል፣ ባለ ጦር አንድ ጊዜ። እሁድ እሁድ እኔ ቤት እንጫወት ነበር። ወድጄው ነበር፤ አልዋሽም።

የተጣላነው በዝርዝሩ ነው። አስተማሪው ለእኛ ወገን ሠላሳ ምንሽርና ሁለት መትረየስ ጽፎ ነበር። አንድ እሁድ አማቴ ሊጠይቁን ሲመጡ ዝርዝሩን አነበብኩላቸው።

«ይሄ የማን ጦር ነው?» አሉ።

«የእርስዎ ነዋ፣ አባ!» አለ አስተማሪው።

«መትረየስ? እኛ መትረየስን የምናውቀው ከፊቱ ቆመን ነው።» ከት ብለው ሳቁ። «አርባ ሰው ነበርን። ጠመንጃ ዘጠኝ። ከዘጠኙ ሦስቱ ደስ ሲላቸው ይተኩሳሉ፣ ሲከፋቸው ዝም ይላሉ።»

እኔ ወዲያው ሠላሳውን ሰርዝ አልኩት። አስተማሪው ራሱን አከከ።

«ጋሼ፣ በዘጠኝ ጠመንጃ ከገባን እኮ ሁልጊዜ እንሸነፋለን። ማን ይጫወተዋል?»

«የተሸነፈ ይሸነፋል!»

«ጨዋታ ነው እኮ፣ ጋሼ!»

«ተማሪዎችህ ይህን አይተው ነው የሚያድጉት። አስተማሪ ሆነህ ትዋሻለህ?»

ሊቀ መንበሩ ባይገባበት ኖሮ ክርክሩ ቤቴ ውስጥ ይቀር ነበር። ለአብዮት በዓል በቀበሌው አዳራሽ ኤግዚቢሽን ሲዘጋጅ ጣውላውን አየና ወደደው። «ጓድ መምህር፣ መትረየሱን አራት አድርገው። ሰፊው ሕዝብ ባዶ እጁን ነበር እንዴ የተዋጋው?» አለ። አስተማሪው አራት አደረገው። ጦር ይዘው የሞቱት ሰዎች የሚደበቁ ውርደት የሆኑ መሰለኝ።

ፈቃድ ጠይቄ ሀቢቾ ሄድኩ። አማቴን አስቀምጬ ዘጠኙን ጠመንጃ አንድ በአንድ አስቆጠርኳቸው፤ ዓይነቱን፣ የያዘውን ሰው፣ መጨረሻው ምን እንደሆነ። ዘጠነኛው ላይ ሲደርሱ ተነሥተው እንሰቱ መካከል ገቡና በደረቅ የእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ አሮጌ ውጅግራ ጠመንጃ ይዘው ወጡ። የራሳቸው ነው። መዝጊያው ተሰብሯል፣ አይተኩስም።

«አባ፣ ይህን ለምን ያስቀምጡታል?»

«ስሞት በለቅሶዬ ላይ ይዘውት ይዞራሉ። ያኔ ሰው ማን እንደነበርኩ ያያል። ሌላ ምን አለኝ?»

በአገራቸው ወግ የዘመተ ሰው ለቅሶ ያለ መሣሪያው አይደምቅም። ይህን አውቃለሁ። በመሐረቤ ብረቱን ወልውዬ ቁጥሩን ገለበጥኩ።

ከዚያ በማውቀው መንገድ ጻፍኩት፤ እንደ ንብረት ቆጠራ። ተራ ቁጥር፣ የዕቃው ዓይነት፣ መለያ ቁጥር፣ ያለበት ሁኔታ፣ ያለበት ቦታ። ባዶ የተተወ ዓምድ የሌባ በር ነው ብዬ ነው ሃያ ዓመት የሠራሁት፤ ስለዚህ ሁሉንም ሞላሁ። ስምንቱ ላይ «ጠፍቷል» አልኩ። ዘጠነኛው ላይ የአማቴን ስም ጽፌ «በባለቤቱ እጅ» አልኩ። ያልተመዘገበ መሣሪያ ሁሉ ለመንግሥት ይመለስ የሚለው ትእዛዝ መሥሪያ ቤታችን በር ላይ ተለጥፎ በየቀኑ በአጠገቡ አልፍ ነበር።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ወረቀቴን ከአስተማሪው ዝርዝር በላይ በሚስማር መታሁት። ሰው ተሰበሰበ። ሊቀ መንበሩ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። እኔ ምስጋና እጠብቃለሁ።

«ጓድ፣ ይሄ ‹በባለቤቱ እጅ› የምትለው የድሮውን ነው የአሁኑን?»

«የአሁኑን» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። የአስተማሪውን የደነገጠ ፊት ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው።

በማግስቱ አማቴን አምጥተው ቀበሌ አሰሯቸው። እሳቸው ጠመንጃው የለም ብለው ድርቅ አሉ። አስተማሪው ቤቴ ድረስ ሮጦ መጣ። «ጋሼ፣ ‹ለጨዋታው ብዬ የፈጠርኩት ነው› ይበሏቸው። አንድ ቃል ናት!»

ሄድኩ። ቃሉን መንገድ ላይ እየደጋገምኩ ነበር። ሊቀ መንበሩ በሰው ፊት «እና ዝርዝርህ ውሸት ነው ማለት ነው?» አለኝ። ውሸት የሚለው ቃል በእጄ ጽሑፍ ላይ ሲነገር አልቻልኩም። «ቁጥሩ ከብረቱ ላይ የተገለበጠ ነው» አልኩ።

ልጆቼን ስለ እውነት ስገርፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን የተናገርኩት ለእውነት ብዬ አልነበረም፤ ለወረቀቴ ብዬ ነው። ሊቀ መንበሩን እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ፤ የማይተኩስ ብረት ለማግኘት ሽማግሌ አስሯል። በሩን የከፈትኩለት ግን እኔ ነኝ። ባለቤቴ «አባቴን በመለያ ቁጥር አስረከብካቸው» አለችኝ።

አማቴ በአሥራ አንደኛው ቀን ጠመንጃውን አስረክበው ወጡ። ኤግዚቢሽኑ የእኔ ወረቀት ተነቅሎ፣ በአራት መትረየስ ቀጠለ። አማቴ በቀጣዩ ክረምት አረፉ። ለቅሶው ላይ አልቃሾቹ የሟቹን ምርኩዝ ይዘው ዞሩ። ከሩቅ የመጣ ዘመድ «ጠመንጃቸውስ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የሚያውቀው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ጠቅላላ ወጪው ይህ ነው፤ አንድ ውጅግራ፤ የአንድ ሽማግሌ አሥራ አንድ ቀን፤ ዝውውር ጠይቆ የሄደው፣ ሲሄድም ያልተሰናበተኝ አስተማሪ፤ ባለቤቴ አባቷን እኔ ፊት ሳታነሣ የኖረችባቸው ዓመታት፤ እና ማን እንደነበሩ ሳይታይ የተቀበሩ አንድ ሰው።