ማድቤቴና የእናቴ ጎታ

ማድቤቴ ርዝመቷ ሦስት እርምጃ፣ ወርዷ ሁለት ነው። ወረታ ባለችን ትንሽ ቤት ጀርባ ባለቤቴ በቆርቆሮ የቀጠላት ናት። ሽንኩርት ስልጥ በርጩማዬ ከውስጥ፣ እግሬ ከደጅ ነው። ድስቶቼ አንዱ በሌላው ውስጥ ስለሚቀመጡ ትንሿን የፈለገ ሰው ትልልቆቹን ሁሉ ማውጣት አለበት፤ ስለዚህ ትንሿ ድስት ታጥባ ምድጃው ላይ ትውላለች። ሰፌዱና ወንፊቱ ምስማር ላይ፣ ሽንኩርቱ በመረብ ከጣራው ላይ፣ የበርበሬው ጣሳ ደግሞ አልጋ ሥር ነበር። ባለቤቴ ረጅም ስለሆነ በገባ ቁጥር ግንባሩ ከሽንኩርቱ ጋር ይጋጫል፤ "ደግሞ ሰላም አለኝ" ይላል። እኔ ቁጡ ነኝ። ማንኪያ ከቦታዋ ከተነሳች ቤቱ ይታመሳል። ጎረቤት የማድቤቱ ጥበት ያናደደኝ ይመስለዋል እንጂ ሰፊ ቢሰጡኝም ያው ነኝ።

እናቴ የምትኖረው ቁሐር ሚካኤል በምትባል የገጠር ቀበሌ፣ ሜዳው ላይ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ነሐሴ ላይ የጎርፍ ውሃ ደጃፏን አልፎ ገባና የቤቷ አንዱ ጎን ተደረመሰ። ታናሽ ወንድሜ ከፍ ካለ ቦታ ላይ አዲስ ቤት እስኪሠራላት እኔ ዘንድ መጣች። አመጣጧ ግን አንድ ፌስታል ልብስ ብቻ ይዛ፣ ገና ከበር "ውሃው እስኪጎድል ነው" እያለች ነው። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው የሚለውን ተረት አጥብቃ ታምናለች። ደግሞም በእኛ ዘንድ እናት በወንድ ልጇ ቤት ብትጦር ክብሯ ነው፤ አማቿ ቤት ከከረመች ግን "ወንድ ልጅ የላትም ወይ?" ያሰኛል።

እኔ ግን እንድትቀር ፈለግሁ። እናቴን ሳልጠግባት ነው ያደግሁት። ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ ለትምህርት ወረታ ቤት ተከራይቼ ስኖር የማያት ስንቄን ይዛልኝ ስትመጣ፣ በገበያ ቀን ብቻ ነበር። ፊቷን ሳልጠግብ ገበያው ይፈታል።

በመጣች በሳምንቷ ማድቤቴን ገለባበጠችው። ማንኪያዎቼ ከግራ ወደ ቀኝ ተሻገሩ፤ ጨው ከነበረበት ጠፋ። ለማንም የማልመለስ ሴትዮ ጨዉን ፈልጌ ወጤን ሠራሁ። ሆድ ካገር ይሰፋል።

ኅዳር ላይ ወንድሜ ከማሳዋ የተሰበሰበ ሩዝ በሦስት ጆንያ አመጣላት። "ቤቱ እያለቀ ነው፤ ጥምቀት ሲያልፍ መጥቼ እወስድሻለሁ" ብሏት ሄደ። ጆንያዎቹ ማድቤቷን ሞሏት። ምድጃው ጋ ለመድረስ በላያቸው መረማመድ ሆነ፤ ማታ ማታ አይጥ ይንኮሻኮሽባቸዋል። አንድ ቀን እናቴ ተነስታ፣

"እህል በጆንያ አይከርምም። ጎታ እሠራለሁ" አለች።

"የት?"

"እዝችው" ብላ ጀሪካኖቼን የደረደርኩባትን ጥግ አሳየችኝ።

ልጮህ ነበር። ግን ሰው ትቶት በሚሄደው ቤት ጎታ አይሠራም ብዬ አሰብኩና ጀሪካኖቹን ራሴ አነሳሁ።

ጥቁር አፈር፣ ጭድና እበት ግቢው ውስጥ አቦካች። በቀን አንድ ስንዝር ያህል ታቆማለች፤ እስኪደርቅ ትጠብቅና በላዩ ትጨምራለች። ከታች እህል መቅጃ አፍ አበጀችለት፤ በጨርቅ ይወተፋል። ጎኑ ላይ ከዚያው ጭቃ ሁለት መደርደሪያ አወጣችለት፤ አንዱ የጨው፣ አንዱ የበርበሬ። ጣሳዬ ከአልጋ ሥር ወጣ። ሩዙ ከላይ ተገልብጦ ተከደነ፤ ክዳኑ ላይ ሌማት ተቀመጠ፤ በጎታውና በግድግዳው መካከል በቀረው ክፍተት ትሪዎቹ በጎናቸው ቆሙ። ቦታ ይወስድብኛል ያልኩት ጎታ ቦታ ሰጠኝ። በጠዋት ገብቼ ሳየው ደስ ይለኝ ነበር፤ ወዲያው ጥምቀት ትዝ ይለኝና ደስታዬ ይጠፋል።

ጥምቀት አለፈ። ወንድሜ ጋሪ ይዞ መጣ። ምሳ ከበላ በኋላ እጅጌውን ሰብስቦ ጎታውን ሊያወጣ ገባ። ጎታውን በስንዝር ለካ፣ አራት። በሩን ለካ፣ ሦስት። ከዚያ ዙሪያውን በጣቱ ይዳብስ ጀመር። ገበሬ ቤት ጎታ እንደ ቀለበት ክብ ክብ እየተደረገ በየክፍሉ ይሠራና ይደራረባል፤ መጋጠሚያው በጭቃ ይመረጋል። ቤት ሲለወጥ ይፈታል። የእናቴ ጎታ መጋጠሚያ የለውም።

"እማ፣ ምነው ወጥ አድርገሽ ሠራሽው? ጎታ መሥራት ጠፋሽ?"

"ቦታው ጠባብ ነው ልጀ። ቀለበቱን የት ላድርቀው?" አለች፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ።

ጭቃውን ያቦካችበት ግቢ አሥር ቀለበት ያደርቃል። እኔም ወንድሜም ግቢውን አየን።

"እንስበረው በቃ። እዚያ ሌላ ትሠሪያለሽ" አለ ወንድሜ።

"እህል የያዘ ጎታ ይሰበራል?"

ወንድሜ አንገቱን ደፋ። ያን ሁሉ እንጨት የፈለጠው፣ ያን ሁሉ ጭቃ የረገጠው ለእሷ ነው። አሳዘነኝ፤ ሆኖም ሂጂ እንድላት አፌ እሺ አላለኝም። ይህን ጊዜ ባለቤቴ ብቅ አለ፤ ሽንኩርቱ ግንባሩን መታው።

"እናቴ፣ ጎታው እስኪጎድል ይቀመጡ እንጅ። ባዶ ሲሆን ይሰበራል" አላት።

ወንድሜ ጥቂት አሰበና ፊቱ ፈታ አለ። "ይሁን። ሰው ሲጠይቀኝ እህሏን እየጠበቀች ነው እላለሁ። ፋሲካን ግን እኔ ዘንድ ነሽ" አላት። ባዶውን ጋሪ ይዞ ሄደ።

ፋሲካን ሄደች፤ በሳምንቷ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ እሷ ለወፍጮ ከታች ትቀዳለች። እኔ በየገበያው ቀን ያልተፈተገ ሩዝ እገዛና እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከላይ እጨምራለሁ። ይኸው ዓመት አለፈው።

ባለፈው ሳምንት ከታች እየቀዳች፣ "የዚህ ጎታ ነገር፣ አልጎድል አለ። በረከት ገባበት" አለች።

"አሜን" አልኩ፣ ሽንኩርቴን እየላጥኩ።

ከመዳፏ ላይ የሆነ ነገር ለቅማ ወደ ደጅ ወረወረች።

"የኛ ማሳ ሩዝ ጠጠር የለውም። ከላይ ስትጨምሪ ልቀሚው እንጅ፣ ልጀ።"