ከበሩ ስር የወጣው ቀይ ውሃ

ነገሩ የደረሰብኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሁዳዴ ጾም፣ አባቴ ባረፈ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ስማቸውን እንኳ ያልጠየቅኳቸው አንድ ሽማግሌ ከትልቅ ሀፍረት አውጥተውኛል። ውለታቸው እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም።

የምንኖረው አፍንጮ በር ነው። ለአባቴ ለቅሶ ድንኳን ሲተከል ጎረቤቱ ሁሉ ያለውን አመጣ፤ ወንበር፣ ፍራሽ፣ ድስት። እትዬ ዘይነብ ደግሞ ስጋጃቸውን ተሸክመው መጡ። የወሎ የበግ ጸጉር ነው፤ ጥቁርና ነጭ ሆኖ መሀሉ ላይ ቀይ መስመር አለው። ክሩን የፈተሉት እናታቸው፣ የሸመኑት አባታቸው ናቸው። ሁለቱም በሕይወት የሉም። "መሬት ለሚቀመጡት አንጥፉበት" ብለው ሰጡን እንጂ ተጠንቀቁ እንኳ አላሉም።

በሦስተኛው ቀን ምስር ወጥ ተደፋበት። ማን እንደደፋው አልታወቀም፤ ለቅሶ ቤት ማን ይጠየቃል?

እኔ የተዋስኩትን ዕቃ አቆሽሾ መመለስ ሞት የሚመስለኝ ሰው ነኝ። እናቴ ያሳደገችን የሰው ሰፌድ ባዶውን እንዳይመለስ እያለች ነው። እትዬ ዘይነብ ለሰርግ ደሴ ሄደው ነበር፤ የሚመለሱት እሁድ ነው። ከመምጣታቸው በፊት አጥቤው ልቆይ ብዬ ወሰንኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ውሃ አፈላሁ። ሳፋ ሞልቼ፣ የዱቄት ሳሙና በእፍኝ በትኜ፣ ስጋጃውን ነከርኩት። በእግሬ ረገጥኩት፣ በብሩሽ ፈተግኩት። የወጡ እድፍ ሲለቅ ደስ አለኝ። ከፍ አድርጌ ሳየው ግን ቀዩ ቀለም ወደ ነጩ እየፈሰሰ ነው። የሰው እናት የፈተለችውን አበላሸሁት! ነጩን ይመልስልኛል ብዬ የበረኪና ጠርሙስ ከፈትኩ።

ይሄኔ በሩ ተንኳኳ፤ ሳልመልስ ተከፈተ። ዘንቢል የያዙ ሸምገል ያሉ ሰው ገቡ። ከአትክልት ተራ ሽንኩርት ገዝተው ሲያልፉ ከበራችን ስር የሚወርደውን ቀይ ውሃ አይተው ደንግጠዋል።

"በሁዳዴ ምን አርዳችሁ ነው?" አሉ። ከዚያ ሳፋውን አዩ፣ እጄ ላይ ያለውን አዩ። "አንቺ ልጅ! አስቀምጪው በረኪናውን! ጸጉር እኮ ነው፣ ይበላዋል!"

ለቅሶዬን ለቀቅኩት። የአባቴም ሐዘን አብሮ የወጣ መሰለኝ። የሰው ዕቃ መሆኑን፣ እናትየው እንደፈተሉት፣ የስጋጃው ባለቤት ነገ እንደሚመጡ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው።

ሽማግሌው ዘንቢላቸውን ጥግ አስቀምጠው ጫማቸውን አወለቁ። ያደጉት መንዝ ነው፤ ከአባታቸው ጋር ባና፣ የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ፣ ሲሸምኑ። "የፈላ ውሃ ጠላቱ ነው። ጸጉሩን ያኮማትረዋል፣ ቀለሙን ያስለቅቀዋል። ቀዝቃዛ አምጪ" አሉኝ። ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ስንት ጊዜ እንዳለቀለቅን አላውቅም። በመጨረሻው ላይ አቼቶ ጠብ አደረጉበት፤ ቀለሙን ይይዘዋል ብለው። ልጠመዝዘው ስል እጄን መታ አደረጉኝ። በደረቅ አንሶላ ጠቅልለን ረገጥነው። ገመድ ላይ ልሰቅለው ስል ደግሞ፣ "እርጥብ ጸጉር ከባድ ነው፤ ከተንጠለጠለ ይረዝማል፣ ይጣመማል" አሉና መሰላላችንን ሁለት ወንበር ላይ አጋድመው፣ ጥላ ውስጥ ዘረጉት። አራቱንም ማዕዘን ቀስ እያሉ ጎትተው አስተካከሉት።

"ወጥ ሲፈስበት ዱቄት ነስንሺበት፣ ቅባቱን ይጠጣል። ለአቧራው ደግሞ ገልብጦ በዱላ መምታት ነው። ውሃውንማ በጉ ላይ ሳለ ጠግቧል!"

ግማሽ ቀናቸው አለቀ። ምሳ ይብሉልኝ ብዬ ብለምን፣ "ሽንኩርት የምትጠብቅ ሚስት አለችኝ፤ ዛሬ የምታጥበው እኔን ነው" ብለው ሳቁ። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ዞር አሉ። አንደኛው ማዕዘን ላይ ነጩ ሮዝ ሆኖ ቀርቶ ነበር።

"ያቺን አትደብቂያት" አሉኝ። "ራስሽ አሳዪያቸው።"

እሁድ እትዬ ዘይነብ ሲመጡ ስጋጃው ገና አልደረቀም። መሰላሉ ጋ ወስጄ ማዕዘኗን አሳየኋቸው፤ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። በመዳፋቸው ክሩን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት። "አላህ ያንን ሰውዬ ያኑረው" አሉ። እኔ ግን ለወራት ዓይናቸውን ማየት አፍር ነበር።

ባለፈው ዓመት ወንድማቸው ሞተ። ለቅሶ ልደርስ ስገባ ቤቱ ሞልቷል፤ ሴቶቹ ስጋጃው ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። በሩ ጋ ቆሜ ቦታ ስፈልግ እትዬ ዘይነብ አዩኝ። ባዶ የቀረችው ሮዟ ማዕዘን ብቻ ናት። በእጃቸው መታ መታ አደረጓት።

"ነይ፣ እዚህ አረፍ በይ። ይቺ ያንቺ ናት፤ ይዤልሽ ነው።"

ተቀመጥኩ። ያን ቀን ለወንድማቸው ብቻ አይደለም ያለቀስኩት።

ሽማግሌውን ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ዘንቢል የያዘ አዛውንት ባየሁ ቁጥር ፊቱን ሳላይ አላልፍም። ያን ጠዋት በሩን ባይከፍቱት ኖሮ ስጋጃውም አይተርፍም፣ እኔም እዚያ ቤት ቦታ የሚያዝልኝ ሰው አልሆንም ነበር። ባሉበት እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አባባ።