የተነቀሰ ድድ

ሰውየውን ያየሁት ይጁቤ ገበያ ዳር ወደ ማርቆስ የሚሄድ ካሚዮን ስጠብቅ ነው። ቂጡ የተበሳ ማሰሮ ከዋርካው ላይ አንጠልጥሎ፣ በውስጡ የተፈጨ ከሰል ሞልቶ፣ የወንዝ ውሃ ያጠልልበታል። የወረደውን ለመንገደኛ ሁሉ ያጠጣል። ካኪ ኮቱን የባትሪ አሲድ እንደ ወንፊት በሳስቶታል። ውሃ ሲሰጥ እንደ ደንቡ መዳፉ ላይ አድርጎ ይቀምሳል፤ ግን ዞር ብሎ፣ አፉን በጋቢው ሸፍኖ ነው። ኩራተኛ መስሎኝ ነበር።

ባለሱቋ ጠይባ ግን በሹክሹክታ ነገረችኝ። መንገድ ሠሪዎች የጣሏቸውን ባትሪዎች እየሰበረ፣ እርሳሱን እያቀለጠ ለጥይት ይሸጥ ነበር። እጣቢውን የሚደፋው ቤተሰቡ ከሚቀዳበት ምንጭ ራስጌ ነበር። የሰውየውና የሴት ልጁ ድድ ዙሪያውን ሲጠቁር አንድ የጤና ጣቢያ ድሬሰር አየውና፣ "የእርሳስ መርዝ ነው፤ ውሃችሁን በከሰል አጥልሉ፤ መርዙን ይስብላችኋል" አለው። ለልጅቱ ግን ጊዜው አልፎ ነበር።

ይህን እያወራን አንዲት ጨው ሻጭ ውሃ ልትጠጣ መጣች። ቀልድ ጣል አደረገችለትና ሳያስበው ሳቀ።

"ውይ አያ! ድድዎ እንዴት ያምራል! እንደ ልጃገረድ ተነቅሰዋል እኮ! ማን ነቀሰዎት?"

ሰውየው ጋቢውን አፉ ላይ መለሰ። መሬት መሬት እያየ፣

"እኔው ነኝ" አላት። "የልጄንም የነቀስኩት እኔው ነኝ።"

"እሰይ! ታዲያ ተዳረች?"

ሊሰጣት የያዘውን የጠራ ውሃ መልሶ ከሰሉ ላይ ደፋው።