ባለ አንድ ዓይኖቹ ፈረሰኞች

ደብረ ማርቆስ በምሠራበት የሴቶች ጸጉር ቤት የጥፍር ቀለም ጠርሙስ በከፈትሁ ቁጥር ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ይወጣል፤ እጄ የደንበኛዋን ጣት እንደያዘ ልቤ ወዳደግሁባት ሮብ ገበያ ይሄዳል፣ ጭጋጉ ከጮቄ ተራራ ወርዶ ደጃችንን ወደሚሸፍንበት፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከቤት ወደምንውልበት ክረምት።

ወንድሜ አበባውና የጎረቤታችን የባለሱቋ ልጅ ዘይነባ የጦርነት ጨዋታ ነበራቸው። ከወንዝ ዳር ባመጡት ጭቃ አውራ ጣት የሚያካክሉ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ፈረሰኞች ሠርተው ምድጃ ዳር ያደርቃሉ፤ ከዚያ ሰፊ ጣውላ ላይ ፊት ለፊት አሰልፈው በየተራ ክክ ባቄላ ይወረውራሉ፤ የባቄላው ጠፍጣፋ ጎን ወደ ላይ ከሆነ አንዱ ፈረሰኛ ወደፊት ይራመዳል፣ የደረሰበትንም ጠላት ይጥላል። እኔ ሰው ፊት ድምፄ የማይወጣ ዓይናፋር ነበርሁ፤ ከጣውላው ጥግ ተቀምጬ ስመለከት እውላለሁ እንጂ አንድም ቀን አጫውቱኝ ብዬ አላውቅም። አበባው ግን ሆዴን ያውቀዋል፤ አንድ ቀን ሃያ አራቱንም ከፊቴ ደርድሮ፣ «አሳምረሽ ከቀባሽ ትጫወቻለሽ» አለኝ።

ዘይነባ ከእናቷ ሱቅ፣ ሊደርቅ ጥቂት የቀረው ቀይና ነጭ የጥፍር ቀለም አመጣች። ጥቁሩን ከድስት ቂጥ ጥላሸት አገኘሁ። የጠርሙሱ ብሩሽ ዓይን ለመሣል ስለወፈረብኝ ከእናቴ ስፌት አክርማ መዝዤ ሰንጥቄ ጫፉን አኘክሁት።

በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ደጋጎቹ ፊታቸውን ወደ እኛ መልሰው በሁለት ዓይን ያያሉ፤ ክፉዎቹ በጎን ስለሚሣሉ አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። አበባውም «የእኔዎቹ ሁለት ዓይን፣ የዘይነባዎቹ አንድ» ብሎ አዘዘኝ። ዘይነባ ሥዕሉን አይታ አታውቅምና፣ «ምነው፣ የኔ ጦር ዓይኑን ታሟል እንዴ?» ብላ ሳቀች።

የአበባውን ጨርሼ ወደ ዘይነባ ጦር ገባሁ። ለመጀመሪያው ፈረሰኛ ቀኝ ጉንጩ ላይ አንድ ዓይን ሣልሁለት፤ ልክ እንደ ግድግዳው ሆነ። ከዚያ ዞር አደረግሁት። ባዶ ጉንጭ። የግድግዳውን ሰው አዙሮ ማየት አይቻልም፣ ይሄ ግን በእጄ ላይ ነው፤ ከወዲያ በኩል የተቀመጠ ሰው ምኑን ሊያይ ነው? እዚያም አንድ ዓይን ሣልሁ። ከቀኝ አንድ፣ ከግራ አንድ፤ ትእዛዙን ያከበርሁ መሰለኝ። ከፊት ለፊት ስይዘው ግን ሁለቱም ዓይኖቹ እኔ ላይ አፈጠጡ። ደነገጥሁ፤ ደግሞም የሌሎቹን ፊት ለማየት ቸኮልሁ። አሥራ ሁለተኛው ላይ አንድ ዓይን እንደሣልሁ ነጩ ቀለም አለቀ።

አበባው ሲያያቸው ፊቱ ተለዋወጠ። «አንች፣ ደጋግ አርገሻቸው የለ? አሁን ማንን ልወጋ ነው? በቃ አትጫወችም።»

አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ «አዙረህ እየው። በዚያም በኩል ጉንጭ አለው» አልሁት። ሰው ፊት ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም ነበር። አበባው ፈረሰኛውን አንስቶ አዞረው፤ መልሶ አዞረውና ጣውላው ላይ አቆመው። ዘይነባ ባቄላውን መዳፌ ላይ አድርጋ፣ «የኔን ጦር እሷ ትምራው» አለች።

ተሸነፍን። ቀድሞ የወደቀው ያ ዓይኑ ያላለቀለት ነበር። ዘይነባ አንስታ አቧራውን እፍ አለችለትና፣ «አይዞህ፣ በዚያ በኩል አታይማ» አለችው።

ከዚያ ክረምት በኋላ የዘይነባ ቤተሰቦች ሱቃቸውን ነቅለው ጉንደ ወይን ከተማ ገቡ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል አቋረጥሁ፣ አበባው ባሕር ዳር ግንበኛ ሆነ። ፈረሰኞቹ አሮጌው ቤታችን ሲፈርስ ከግድግዳው ጭቃ ጋር አብረው ተዛቁ። ዛሬ ከፊቴ ካለው መደርደሪያ ላይ ነጩ ብቻ አራት ዓይነት ነው። ደንበኞቼ የሚያዙኝን ቀብቼ እጃቸውን እመልስላቸዋለሁ፤ በወዲያ በኩል ምን አለ ብዬ ማዞሩን ትቻለሁ። ነጩን ስከፍት ብቻ እጄ ትንሽ ይዘገያል፤ አንዲት ጠብታ የምትበቃው አንድ ፈረሰኛ ነበረኝ።