ቅቤ የማያቀልጡ ጣቶች

ሶዶ ላይ ቅቤ የሚፈተነው በጣት ነው። በኮባ ከተጠቀለለው ላይ ትንሽ ይቆነጠርና በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ይታሻል። ንጹሕ ከሆነ እንደ ጉም ይጠፋል፤ ሙዝ ከተለወሰበት ይጎረብጣል፣ ይለጠፋል። እኔ ቅቤ ገዝቼ እየሸጥኩ ልጆቼን ያሳደግኩት በእነዚህ ሁለት ጣቶች ነው። ሌላ ሰርተፍኬት የለኝም።

አንድ ጠዋት ጉሙ ከዳሞታ ተራራ ወርዶ ገበያውን ውጦታል፤ ሰው አይታይም፣ ድምፅ ከድምፅ ጋር ይከራከራል። ከሻንቶ የምትመጣ ደንበኛዬ ካቀረበችልኝ ቅቤ ቆነጠርኩ። አልቀለጠም። «ሙዝ አለበት» ልል አፌን ስከፍት ጣቶቼን አየኋቸው፤ እንደ ኖራ ነጥተዋል። ቅቤውስ ንጹሕ ነበር። የከዳኝ ጣቴ ነው።

ከዚያ ወዲህ እጄ እየደነደነ፣ ጣቴም አልታጠፍ እያለ ሄደ። የሚገርመው ፊቴ ነው። ቆዳው ተወጥሮ ሽብሽቡ ሁሉ ጠፋ፤ እንደታጠበ ብርጭቆ አበራሁ።

«ይቺ ሴትዮ የምታረጀው ወደ ኋላ ነው እንዴ?» አለች አጠገቤ በርበሬ የምትሸጠው ጓደኛዬ።

«ደህናውን ቅቤ ራሷ ትቀባዋለቻ!» አለች አንዷ ገዢ። «ነይ፣ ከምትቀቢው ስጪኝ።»

«በሽታ ነው» አልኳት።

«እንግዲያው ከበሽታው ስጪኝ።»

እውነት ተናግሬ ገበያ ሲደራልኝ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። ጣቴ ካልፈተነ ሙዝ በቅቤ ዋጋ እገዛለሁ፤ ከዚያ መደቤን ለቅቄ ቤት መቀመጥ ነው። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ልጄ የምትሆን ሴት ናት፤ «ቅቤ ብቀባውም አልለሰልስ አለ» አልኳት፤ እጄን ይዛ ብዙ ቆየች።

«እናቴ፣ ቅቤ ከላይ ነው የሚያርሰው። ይኼ ከውስጥ ነው» አለችኝ። ሰውነት ሲቆስል የበሽታ መከላከያ ሴሎች ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኞች ይልካሉ፤ እነሱም ጠጋኝ ሴሎችን «ኑ፣ ድፈኑ» ብለው ይጠራሉ። ቁስሉ ሲድን ዝም ማለት ነበረባቸው። የእኔዎቹ ግን ቁስል በሌለበት ይጣራሉ፤ ጠጋኞቹም ክር በክር ላይ እየደረቡ ቆዳዬን ያጠነክሩታል።

«ገባኝ» አልኳት። «ደላሎች ናቸው። ተወደደ ብለው ያስወራሉ፣ አገሩ ሁሉ ጭኖ ይመጣል፣ መንገድ ይዘጋል።»

ሳቀች። «መድኃኒቱ እነሱን ዝም ለማሰኘት ነው።»

«ደላላ ዝም የሚያሰኝ መድኃኒት ካለሽ ለገበያውም ጨምሪልኝ። ጣቴስ ይመለሳል?»

«የደነደነው ሁሉ ይለሰልሳል አልልዎትም። እንዳይብስ እንሞክራለን። እጅዎን ብርድ አያግኘው።»

ያን ሰሞን አንድ ሕልም ይመላለስብኝ ነበር። ጉም ውስጥ ቆሜያለሁ። አንድ የማላየው ሰው «ተቀደደች! ተቀደደች!» እያለ ይሮጣል። ሸማኔዎች መወርወሪያቸውን ይዘው ከየአቅጣጫው ይመጡና ይሸምኑኛል። «ደህና ነኝ!» እላለሁ፤ ጉሙ ድምፄን ይውጠዋል። ክፋት የለባቸውም፤ እንዲያውም ሥራቸው ያምራል። እኔ ብቻ ውስጡ እየጠበበኝ እሄዳለሁ።

የሱፍ ጓንት አድርጌ ወደ መደቤ ተመለስኩ።

«ቅቤ በጓንት! ፈረንጅ ሆነሽ መጣሽልን?» አለች ባለበርበሬዋ።

መጀመሪያ የማላውቀው ሰው ቅቤ ይዞ መጣ። «አንተው በጣትህ እሸው፣ እኔ ልይ» አልኩት። «እጄ ቆሽሿል» ብሎ ኮባውን መልሶ ጠቀለለና ጉሙ ውስጥ ገባ። ሳልነካው ፈተንኩት። ለካ ቅቤን ብቻ ሳይሆን ባለቅቤንም ማየት ይቻላል።

ቀጥላ የሻንቶዋ ደረሰች። እሷንም «በጣትሽ እሺው» አልኳት። አሸችው፤ ጠፋ። ከዚያ ሳልጠይቃት ጓንቴን አወለቀች፣ ጣቶቼ ላይ ትንሽ ቅቤ አደረገችና በሁለት መዳፎቿ መሃል ያዘቻቸው። ቆምን። ጉሙ በመሃላችን ያልፋል። ቆይቶ፣ ቆይቶ ቅቤው ቀለጠ፤ በማን ሙቀት እንደሆነ አልጠየቅኩም።

«በይ አሁን ዋጋ ቀንሺ» አልኳት።

«እማማ! ሙቀቱን እንኳ አላስከፈልኩሽም» አለችኝ።