የተዋሰችው ምስጋና

በክሊኒኩ አግዳሚ ላይ፣ ልጇን ታቅፋ ተራዋን ከምትጠብቀው ወጣት እናት አጠገብ የተቀመጠችው ሴት ሹራቧን ገልብጣ ለብሳለች። ዳክዬ የተሳለባት የሕፃን ቦርሳ ታቅፋለች፤ ሕፃን ግን አብሯት የለም። ከቦርሳዋ ደብተር አውጥታ እስክሪብቶዋን ስታኝክ ቆየችና ዞር አለች።

«የኔ እናት፣ አንቺ ዛሬ ምን አግኝተሽ ተመስገን አልሽ? ሐኪሙ፣ ይቀልልሻል ብሎ፣ በየቀኑ ምስጋና እንድጽፍ አዞኛል፤ የኔ ግን አለቀብኝ። ያንቺን አውሺኝ።»

ወጣቷ ነገሩ ግራ ቢገባትም አፏ ላይ የመጣውን ተናገረች። «እኔማ ተመስገን ነው፤ የልጄ ትኩሳት በረደ።»

ሴትዮዋ «የልጄ» ብላ መጻፍ ጀመረችና እጇ ቆመ። ሰርዛ «የአንዲት እናት ልጅ ትኩሳቱ በረደለት» ብላ ጻፈች።

«እሰየው!» ብላ እጇን ወደ ሕፃኑ ግንባር ስትዘረጋ፣ ወጣቷ ሳታስበው ልጇን ወደ ራሷ ሰበሰበችው። ሴትዮዋ እጇን መልሳ ቦርሳዋ ላይ ያለችውን ዳክዬ ዳበሰች።