እናቴ ከገደል ያመጣችው አጥንት

ዩኒቨርሲቲ ሥነ ምድር የሚማረው የልጅ ልጄ ከወንዝ ዳር ያገኘውን ነጭ ነገር ምላሱ ላይ አስነካና፣ «ቅሪተ አካል አይደለም፤ አጥንት ቢሆን ምላስ ላይ ይጣበቅ ነበር» ብሎ ወረወረው።

እኔን ወደ ቡሬ መለሰኝ፣ ወደ ልጅነቴ።

ጣሊያን አባቴን ገደል አፋፍ ላይ ረሽኖ ቁልቁል ጣለው። ሬሳውን እንዳናነሣም ከለከለን። ከዓመት በኋላ እናቴ ተደብቃ ወረደችና አንድ ነጭ አጥንት በነጠላዋ ጠቅልላ መጣች።

«ጅብ ያስተረፈልኝ ይቺን ነው» አለች።

የነፍስ አባታችን ተቀብለው ጫፉን በምላሳቸው ነካ አደረጉት። ከዚያ ደግመው አስነኩት።

«ምነው አባ፣ እሱ አይደለም እንዴ?»

ዓይን ዓይኗን አዩዋት። «ይሁን ልጄ፣ ፍትሐቱን እናድርስለት። ኃጢአቱን እኔ እሸከማለሁ።»

የምን ኃጢአት እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

በወጉ ተቀበረ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ እዚያ መቃብር ላይ አለቀሰች፤ ስትሞትም «ከጎኑ ቅበሩኝ» ብላ ተናዘዘች።

የልጅ ልጄ የወረወረውን አንሥቼ ምላሴ ላይ አደረግሁት። ቀዝቃዛ ነው፤ ያንሸራትታል።

አባቴ ዛሬም ገደል ውስጥ ነው። እናቴን የቀበርኳት ድንጋይ አጠገብ ነው።